ሁለት ያገለገሉ ጊታሮች፦ ስትራትና ሌስ ፖል፣ እውነተኛ መሆናቸውን በምን ልለይ? ምንስ ልቀይር?

ስድስት_ክር፦
ሰላም የጊታር ወዳጆች። ሁለት ያገለገሉ ኤሌክትሪክ ጊታሮች ለሽያጭ ቀርበዋል። ሻጩ ከፍቼ እንዳያቸው ፈቅዶልኛል፤ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ወይ እገዛለሁ ወይ እመልሳለሁ።

አንደኛው ስትራቶካስተር ነው። ጭንቅላቱ ላይ ፌንደር ይላል፣ ሴሪያሉ በ«ኤን7» ይጀምራል፣ «የ1997 የአሜሪካ ሥራ ነው» ተብሏል። ትሬሞሎ ብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚታሰሩበት፣ ድምፃቸውን ለማወዛወዝ የሚነቃነቅ ብረት) ፊቱ ላይ በስድስት ብሎን ታስሯል።

ሁለተኛው ሌስ ፖል ሲሆን ጊብሰን ይላል። ከጭንቅላቱ ጀርባ በ94872 የሚጀምር ባለ 8 አሃዝ ሴሪያል አለው። የብሪጅ ፒካፑን (ብሪጁ አጠገብ ያለውን፣ የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ማግኔት) ብቻውን ስመርጠው ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ይሆናል፣ ባስ የሚባል ነገር የለውም።

የስማቸው ባለቤት መሆናቸውን በምን ልለይ? ከገዛኋቸውስ ፒካፕና ፖት (የቮልዩምና የቶን መቆጣጠሪያ) ስቀይር ምን ልጠንቀቅ?

ፍሬት_ቆጣሪ፦
ከሴሪያሉ እንነሳ፣ ግን እዚያው አንቁም። በፌንደር የአሜሪካ ሥራዎች ላይ ፊደሉ አሥርቱን ዓመት ይናገራል፦ ኤስ 1970ዎቹ፣ ኢ 1980ዎቹ፣ ኤን 1990ዎቹ፣ ዜድ 2000ዎቹ። ቀጥሎ ያለው አሃዝ ዓመቱ ነው፣ ስለዚህ ኤን7 ማለት 1997 አካባቢ። ኤምኤን ወይም ኤምዜድ ብሎ ቢጀምር የሜክሲኮ ሥራ ይሆን ነበር። «አካባቢ» የምለው በምክንያት ነው፤ በ1990 የተሠሩ አንዳንድ ጊታሮች እንኳን በስህተት ኤን9 የሚል ተለጥፎባቸው ወጥተዋል።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ከ1976 ጀምሮ ሴሪያሉ ያለው ጭንቅላቱ ላይ ነው። ስለዚህ የሚመሰክረው ለአንገቱ ብቻ ነው። የስትራት አንገት አራት ብሎን ተፈትቶ የሚወጣ ነገር ነው፣ ከየትኛውም አካል ጋር ሊጋባ ይችላል። አንተ የጠቀስከው ብሪጅ ደግሞ ያጠራጥረኛል፤ ከ1987 ጀምሮ አሜሪካን ስታንዳርድ የሚባለው ሞዴል ትሬሞሎው በሁለት ምሰሶ ላይ የሚቆም ነው። ባለ ስድስት ብሎን የአሜሪካ ሥራም አለ፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የድሮውን የሚደግሙት ሞዴሎች ናቸው፣ የእነዚያ ሴሪያል ደግሞ በቪ ይጀምራል።

እንዲህ አድርግ፦ ክሮቹን አላላ፣ ጀርባው ላይ ያሉትን አራት ብሎኖች ፍታ፣ አንገቱን አውጣ። ተረከዙ ላይ የታተመ ወይም በእርሳስ የተጻፈ ቀን ፈልግ፣ አንገቱ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ውስጥም እንደዚያው። የብሎኖቹ ማረፊያ ሳህን ላይ አንድ ትርፍ ትንሽ ቀዳዳ አለው ወይ? የዚያ ዘመን አሜሪካን ስታንዳርድ በዚያ ቀዳዳ በኩል የአንገቱን ማዘንበል የምታስተካክልበት ትንሽ ብሎን ነበረው። ተረከዙ ላይም ያ ብሎን የሚገፋው ክብ ብረት ይኖራል።

ስትመልሰው ብሎኑን መጀመሪያ ወደ ግራ አዙረው፣ ጠቅ ብሎ ወደ ድሮው ጥርሱ ሲወድቅ ይሰማሃል። ከዚያ ወደ ቀኝ አጥብቀው። ይህን ያልጠበቀ ሰው አዲስ ጥርስ እየቆረጠ እንጨቱን ያላላዋል።

የሌስ ፖሉ ነገር ግን ገና ከሴሪያሉ ያለቀለት ይመስለኛል። የጊብሰን ባለ 8 አሃዝ ቁጥር ከ1977 ጀምሮ የሚነበበው እንዲህ ነው፦ 1ኛውና 5ኛው አሃዝ ዓመት፣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ያለው የዓመቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ። 91232 ብሎ ቢጀምር የ1992 ዓመት 123ኛ ቀን ነው። ያንተው 487ኛ ቀን ይላል። ዓመት ከ366 ቀን አያልፍም። የውሸት ነው።

አንገት_ጠራቢ፦
ፍሬት ቆጣሪ፣ ስለ ስትራቱ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። ሌስ ፖሉ ላይ ግን ፈጥነሃል። 1994 ጊብሰን መቶኛ ዓመቱን ያከበረበት ነው፤ በዚያ ዓመት የወጡት በ94 ይጀምሩና የቀሩት ስድስቱ አሃዞች ተራ የምርት ቁጥር ናቸው። በቀን ቆጠራው ካነበብከው ትርጉም አይሰጥም። ስለዚህ 94872 ብሎ መጀመሩ ለውሸትነቱ ማስረጃ አይሆንም። ለእውነተኛነቱም አይሆንም፤ አስመሳዮች ቁጥር ከእውነተኛ ጊታር ላይ ይገለብጣሉ።

ወንድሜ ስድስት ክር፣ ቁጥሩን ለጊዜው እንርሳውና እነዚህን እይልን።

ጭንቅላቱ ላይ የትራስ ሮዱን (በአንገቱ ውስጥ ሆኖ ጉብጠቱን የሚያስተካክለውን ብረት) የሚሸፍነው ትንሽ ፕላስቲክ በስንት ብሎን ታስሯል? ጊብሰን በሁለት ነው። ሦስት ከሆነ አስመሳይ ነው፣ ወይም ሽፋኑ ከኤፒፎን ተወስዷል። ኤፒፎን ራሱ ሕጋዊ የጊብሰን ልጅ ስለሆነ ሦስት ብሎኑ እዚያ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ጊብሰን የሚል ስም ሥር ሲገኝ ነው።

ሽፋኑን አንሳና ውስጡን እይ። የጊብሰን ትራስ ሮድ ጫፍ የነሐስ ዳዶ ነው፣ የሚፈታው በ5/16 ኢንች ሶኬት ቁልፍ ነው፣ ወደ 8 ሚሊሜትር ማለት ነው። ባለ ስድስት ማዕዘን የውስጥ ቁልፍ የሚገባበት ጉድጓድ ካየህ ጊታሩን ዝጋና መልስ።

ጆሮ ቆላፊዎቹ አጠገብ የጭንቅላቱን ጎን በብርሃን አይተህ የእንጨቱን መስመር ተከተል። የጊብሰን አንገትና ጭንቅላት ከአንድ እንጨት የተፈለፈለ ነው፤ በሁለቱ ጠርዝ ላይ ብቻ ጭንቅላቱን ለማስፋት ቁራጭ ይለጠፋል። ስለዚህ በርዝመት የሚሄዱ ሁለት መስመሮች ጤናማ ናቸው። አንገቱን በአግድም ወይም በሰያፍ ቆርጦ የሚያልፍ መስመር ግን ወይ በሁለት እንጨት የተጋጠመ አስመሳይ ነው፣ ወይ ተሰብሮ የተጠገነ እውነተኛ።

በመጨረሻ የጀርባውን የመቆጣጠሪያ ክዳን ክፈት። ፖቶቹ ትልልቅ ከሆኑ፣ ወደ 24 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው፣ ጀርባቸው ወይም ጎናቸው ላይ ቁጥር ፈልግ። በ137 የሚጀምር ከሆነ ሲቲኤስ የተባለው ፋብሪካ ነው፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለት አሃዞች ዓመት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሳምንት ናቸው። 1379417 ማለት የ1994 17ኛው ሳምንት። ፖቱ የተሠራበት ቀን ጊታሩ ከዚያ በፊት አለመሠራቱን ይነግርሃል፣ ፖቱ ካልተቀየረ ማለቴ ነው። ሶልደሩ (ሽቦዎቹን ያጣበቀው የቀለጠ ብረት) ድሮ የተነካ ይሁን አዲስ በዓይን ይታወቃል፤ አሮጌው ፈዛዛና ንጹሕ ሆኖ ይቀመጣል፣ የተደገመበት ዙሪያው የቀለጠ ሽቦ ልባስና ቡናማ የፍለክስ (ሶልደር እንዲይዝ የሚረዳ ሙጫ) ቅሪት አለው።

ስድስት_ክር፦
ስለ ሁላችሁም አመሰግናለሁ። ሁለቱንም ከፍቻለሁ። ያየሁትን እንዳለ ልጻፍ።

ስትራት፦ ተረከዙ ላይ የ1997 ቀን ታትሟል፣ ክቡ ብረትም አለ። ከአራቱ የብሎን ቀዳዳ ሌላ ሁለት በእንጨት ዘንግ የተደፈኑ ቀዳዳዎች አሉ። ትራስ ሮዱ በ1/8 ኢንች ቁልፍ ይዞራል። ጎድጓዳው ውስጥ ግን ምንም ጽሑፍ የለም፣ ሳህኑም ትርፍ ቀዳዳ የለውም። የአካሉ ውፍረት 40 ሚሊሜትር ነው። ጀርባውን ከፍቼ የስፕሪንጎቹን ጉድጓድ ግድግዳ ሳይ እንጨቱ እንደ ኬክ ተደራርቦ ይታያል። ከወፍራሙ ክር መሃል እስከ ቀጭኑ ክር መሃል ብሪጁ ላይ 52.5 ሚሊሜትር።

ሌስ ፖል፦ ሽፋኑ በሁለት ብሎን ታስሯል፣ ውስጡ የነሐስ ዳዶ ነው። ፖቶቹ ትልልቅ ናቸው፣ አንዱ ላይ 1379422 ይነበባል። በሁለቱ የጭንቅላት ጠርዝ የሚሄዱትን መስመሮች አይቻለሁ። ነገር ግን ከነቱ (ክሮቹ ከጭንቅላቱ ወደ አንገቱ ሲያልፉ የሚያርፉበት ጠባብ ቁራጭ) በታች፣ አንገቱ ጀርባ ላይ፣ ሁለት ጣት የምታህል በሰያፍ የምትሄድ ፀጉር የመሰለች መስመር አለች። ጥፍሬን ሳሳልፍባት አይይዘኝም።

ፍሬት_ቆጣሪ፦
አንገት ጠራቢ፣ ስለ እርማቱ አመሰግናለሁ። የ94ቱን ነገር መዘንጋት አልነበረብኝም።

ስትራቱ እንግዲህ ተለይቷል። አንገቱ እውነተኛ አሜሪካን ነው፤ ቀኑም፣ ክብ ብረቱም፣ የቁልፉ መጠንም ይስማማሉ። አካሉ ግን የሌላ ነው። የፌንደር ስትራት አካል ወደ 44.5 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፣ 40 የሚሆነው ርካሽ አካል ነው። ያየኸው ድርብርብ ኮምፔንሳቶ ነው። 52.5 ሚሊሜትር የሚባለውም በየክሩ መሃል 10.5 ያለው የርካሽ ብሪጅ ስፋት ነው፤ የድሮው የፌንደር ስፋት ወደ 55.5 ይጠጋል። የተደፈኑት ቀዳዳዎች ደግሞ አንገቱ ከአንድ አካል ወደ ሌላ ሲዛወር የብሎኑ ቦታ እንዳልገጠመ ያሳያሉ።

ዋጋውን ስትነጋገር እንደ አንድ ጊታር አትመልከተው። የአንገቱን የብቻ ዋጋ አስብ፣ በላዩ ላይ የርካሽ አካል ዋጋ ጨምር፣ ከዚያ በላይ አትክፈል። «የ1997 አሜሪካን ስታንዳርድ» የሚለው ዋጋ አይገባውም።

ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር ለካ። ከነቱ እስከ 12ኛው ፍሬት (ፍሬት የሚባሉት አንገቱ ላይ በአግድም የተደረደሩት ብረቶች ናቸው) 324 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ ከ12ኛው ፍሬት እስከ ቀጭኑ ክር ሳድል (ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበት ብረት) ደግሞ 324 ወይም በ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የሚበልጥ። ጎድጓዳው ጥልቅ ወይም አጭር ሆኖ ሳድሉ እስከ መጨረሻው ተገፍቶም እዚያ ካልደረሰ፣ ይህ ጊታር ድምፁ ሊስተካከል አይችልም። ሁለተኛ፣ ቀጭኑ ክር ከፍሬቱ ጠርዝ ምን ያህል እንደሚርቅ እይ። ወደ ውጭ እየወረደ የሚሸሽ ከሆነ አንገቱ ተጣሞ ገብቷል። ብሎኖቹን ግማሽ ዙር አላልተህ፣ ክሩ ሳይፈታ አንገቱን በእጅህ ወደ ጎን ገፋ አድርገህ መልሰህ ስታጠብቅ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

አንገት_ጠራቢ፦
ወደ ሌስ ፖሉ መስመር ልመለስ፣ ምክንያቱም የገንዘቡ ጥያቄ እዚያ ነው ያለው።

ሰያፍ፣ ከነቱ በታች፣ አንገቱ ጀርባ። ይህ የጊብሰን አንገት የሚሰበርበት ትክክለኛ ቦታ ነው። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ 17 ዲግሪ ያዘነብላል፣ ስለዚህ የእንጨቱ ጭረት እዚያ ላይ አጭር ይሆናል። በዚያ ላይ የትራስ ሮዱ ዳዶ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ከፊት በኩል እንጨቱን ይቀንሰዋል። ጊታሩ ከነመቆሚያው ወደ ኋላ ሲወድቅ ጭንቅላቱ ወለሉን ይመታና ክሮቹ የሚጎትቱት ኃይል የቀረውን ይጨርሳል።

ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ የቫርኒሽ ስንጥቅ ብቻ፣ ያልተጠገነ ስብራት፣ የተጠገነ ስብራት። እንዲህ ትለየዋለህ።

ጨለማ ክፍል ውስጥ የአልትራቫዮሌት ባትሪ አብራበት። ያረጀ ናይትሮሴሉሎስ ቫርኒሽ አረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚያደላ ፍካት አለው። በመስመሩ ዙሪያ ጠቆር ያለ ወይም ሌላ ቀለም ያለው ክብ ካየህ እዚያ ቦታ ላይ እንደገና ተቀብቷል ማለት ነው።

ከዚያ ክሮቹ ተወጥረው ሳሉ ጭንቅላቱን ከጀርባው በአውራ ጣትህ ቀስ ብለህ ወደ ፊት ገፋና መስመሯን አተኩረህ እይ። የምትከፈት ወይም የምትነቃነቅ ከሆነ ስብራቱ ሕያው ነው፣ አትግዛው ወይም እንደ ጥገና ዕቃ ግዛው። ካልተነቃነቀች፣ ፍካቱ ደግሞ ከተቋረጠ፣ ተጠግኗል። በትክክል በእንጨት ኮላ የተጣበቀ ስብራት ለመጫወት አስተማማኝ ነው፤ ሥራው ንጹሕ ከሆነ ጊታሩ ለዓመታት ይዘልቃል። ዋጋው ግን በጣም ይወርዳል፣ ብዙ ገዢዎች ግማሽ ድረስ ይቀንሳሉ። አንተም ስትሸጠው እንደዚያው ይቀነስብሃል፣ ይህን ዛሬውኑ በሒሳብህ አስገባው።

ዝቅ_ያለ_አክሽን፦
ስለ ስምና ስለ ዓመተ ምሕረት ብዙ ተባለ፣ ስለ ፍሬት ማንም አላነሳም። የሁለቱንም አንገት እየው።

1ኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ የሚጫን መቆንጠጫ) አድርግ፣ አንገቱ ከአካሉ የሚገናኝበት ፍሬት ላይ ወፍራሙን ክር ተጫን፣ 7ኛው ወይም 8ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ለካ። 0.25 ሚሊሜትር አካባቢ ጥሩ ነው። የመለኪያ ምላጭ ከሌለህ የቀጭኑን ክር ቁራጭ አስገባ፤ ባለ 10 ክር 0.254 ሚሊሜትር ነው፣ በትክክል የምትፈልገው። ሳይነካ ካለፈ አንገቱ ጎብጧል፣ ጨርሶ ካልገባ ቀጥ ብሏል ወይም ወደ ኋላ ተለጥጧል።

ከዚያ ትራስ ሮዱን ሩብ ዙር ብቻ ወደ ቀኝ አዙር። ክፍተቱ መጥበብ አለበት። ከጠበበ ሮዱ ይሠራል፤ መልሰው። ዳዶው እየዞረ ምንም ካልተለወጠ፣ ወይም እስከ መጨረሻው ጠብቆ አሁንም አንገቱ ጎባጣ ከሆነ፣ ይህ የአንገት ችግር ነው፣ የማስተካከያ ጉዳይ አይደለም። ስትራቱ ላይ በ1/8 ኢንች ቁልፍ ፈንታ 3 ሚሊሜትር አትጠቀም። 1/8 ማለት 3.175 ነው፤ ያቺ ክፍተት ጉድጓዱን ትበላዋለች፣ ከተበላ ደግሞ ማውጫው አድካሚ ነው።

ፍሬቶቹን በካሊፐር ለካ። አዲስ መካከለኛ ጃምቦ የሚባለው የፍሬት ዓይነት ወደ 1.2 ሚሊሜትር ይቆማል። 1ኛው እስከ 5ኛው ከቀጭኖቹ ክሮች ሥር የተቦረቦረ ከሆነ፣ በማስተካከል የሚጠፋው ልክ የጉድጓዱ ጥልቀት ነው። ከዚያ በኋላ 0.8 የሚቀር ከሆነ ግዛ። ከዚያ ካነሰ ሙሉ የፍሬት ቅየራ ይጠብቅሃል፣ ሌስ ፖሉ ላይ ደግሞ ነገሩ ከባድ ነው፤ የዚያ ዘመን ጊብሰን የጠርዙ ፕላስቲክ በየፍሬቱ ጫፍ ላይ ትንሽ ጉብታ አለው፣ ፍሬት ሲቀየር አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። እነዚያ ጉብታዎች አሁን ካሉ ፍሬቱ የፋብሪካው ነው ማለትህ ይቻልሃል።

ሽቦና_ሶልደር፦
የደከመውን ፒካፕ ሳይፈታ መመርመር ይቻላል። ገመድ ሰክተህ ሌላኛውን ጫፍ በቴስተር ያዝ፤ አንዱን ጫፍ የመሰኪያው ፒን ላይ፣ አንዱን የመሰኪያው አካል ላይ፣ ቴስተሩን 20 ኪሎ ኦም ላይ አድርግ፣ ቮልዩም 10 ላይ ይሁን። መምረጫውን ወደ አንገት ፒካፑ አድርግና አንብብ፣ ከዚያ ወደ ብሪጅ።

የሌስ ፖል ሃምበከር (ሁለት የሽቦ ጥቅልል፣ ማለትም ኮይል፣ ያለው ፒካፕ) ከ7.5 እስከ 8.5 ኪሎ ኦም ጤነኛ ነው፤ ጉልበተኛ የብሪጅ ፒካፖች 13፣ 14 ይደርሳሉ። የስትራት ነጠላ ኮይል ከ5.5 እስከ 6.5። ቮልዩም ፖቱ ትይዩ ስለሚገባ የምታነበው ከትክክለኛው በጥቂቱ ያንሳል፣ አያሳስብህ። የቶን ፖቱ አይቆጠርም፣ ከሱ ጋር የታሰረው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

20 ኪሎ ኦም ላይ ምንም ካላሳየህ ወደ ከፍተኛው ክልል ቀይር። ያን ጊዜ 290 ወይም 300 ኪሎ ኦም አካባቢ ካነበብክ የምታየው ቮልዩም ፖቱን ራሱን ነው፤ ፒካፑ ተቋርጧል። ሃምበከር ሁለት ኮይል በተከታታይ ስለሆነ አንዷ ፀጉር የምታህል ሽቦ ብትበጠስ ሁሉም ይቋረጣል። ድምፅ ጨርሶ ያልጠፋው በተቆረጡት ሽቦዎች መካከል ጥቂቱ እንደ ካፓሲተር ስለሚያልፍ ነው። ባስ የሌለው፣ ከሩቅ የሚመጣ ያልከው ያ ነው።

ስድስት_ክር፦
ሌስ ፖሉን ገዛሁት። በአልትራቫዮሌት ሲታይ መስመሯ ዙሪያ ጥቁር ነበር፤ ሻጩ ጥገናውን አምኖ ዋጋውን በ45 በመቶ ቀነሰ። ፍሬቱ ከ0.95 በላይ ነው። ስትራቱን በአንገቱ ዋጋ እየተነጋገርን ነው።

ንባቡ፦ አንገት 7.6 ኪሎ ኦም፣ ብሪጅ በ20 ኪሎ ምንም፣ በከፍተኛው ክልል 292። ሽቦና ሶልደር፣ እንዳልሽው ነው። ምን ልተካ?

ሽቦና_ሶልደር፦
በመጀመሪያ የሞተውን ፒካፕ አትጣለው። ከላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከነሽቦው አስቀምጠው፣ ከጊታሩ ጋር ይሂድ። የተበጠሰው መጀመሪያው መጋጠሚያ ላይ ከሆነ ይቀጠላል፣ ካልሆነም በ42 ቁጥር ሽቦ እንደገና ሊጠመጠም ይችላል።

ፒካፕ ስትመርጥ ስፋቱን አስተውል። የሌስ ፖል ብሪጅ ከዳር እስከ ዳር ክሮቹ ወደ 50 ሚሊሜትር ናቸው፣ ስለዚህ መደበኛውን ግዛ፣ ለትሬሞሎ ተብሎ የሚሸጠውን 53ቱን አይደለም።

292 ያነበብከው ነገር ሌላም ይነግርሃል፦ ቮልዩምህ 300 ኪሎ ኦም ነው። ጊብሰን ለረጅም ዓመታት ይህን ተጠቅሟል። ፖቱ ባነሰ ቁጥር የፒካፑን ቀጭን ድምፅ ወደ ግራውንድ (ወደ መሬት መስመሩ) ያፈስሳል፣ ድምፁ ይደፈናል። ወደ 500 ስትቀይረው ልዩነቱን የምትሰማው በመጀመሪያው ምት ነው። የፖት ስህተት 20 በመቶ ድረስ ስለሆነ ከመግጠምህ በፊት እያንዳንዱን ለካ፤ 500 የተባለው ከ400 እስከ 600 ሊሆን ይችላል። ከፍተኛውን ለአንገት ፒካፕ ስጠው፣ እሱ ነው ቀጭን ድምፅ የሚያጥረው።

በፖት ግዢ ሰው የሚሳሳተው ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ አንገቱ፤ የአሜሪካ ሌስ ፖል ላይ እንጨቱ ወፍራም ስለሆነ ብዙዎቹ ረጅም አንገት ያለው ፖት ይፈልጋሉ፣ ጥርሱ ወደ 19 ሚሊሜትር የሚደርስ። አጭሩን ከገዛህ ዳዶው የሚይዘው ነገር አያገኝም። የድሮውን አውጥተህ ለካና ግዛ። ሁለተኛ ዘንጉ፤ የአሜሪካው 24 ቀጭን ጥርስ አለው፣ የሜትሪኩ 18 ወፍራም ጥርስ። የአንዱን እጀታ በሌላው ላይ በግድ ከገፋህ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ሦስተኛ ዓይነቱ፤ ለቮልዩም ኦዲዮ የሚለውን ውሰድ። ሊኒየር የሚለው ከ10 እስከ 3 ምንም ሳይቀንስ ቆይቶ መጨረሻ ላይ በድንገት ይወድቃል።

ሶልደር፦ ባለ ሮዚን ሆድ፣ 60/40 ወይም 63/37፣ 0.8 ሚሊሜትር። የቧንቧ ሠራተኛ አሲድ ፍለክስ አያስፈልግህም፣ ሽቦውን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ብረቱ 350 እስከ 370 ዲግሪ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ። የፖቱን ጀርባ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግ አድርግ፣ መጀመሪያ ለብቻው ሶልደር አልብሰው፣ ሽቦውንም ለብቻው፣ ከዚያ አጋጥማቸው። ሥራው ከ3 እስከ 4 ሴኮንድ ነው። ቀጭን ጫፍ ይዘህ 20 ሴኮንድ ካሞቅኸው ውስጡ ያለው የካርቦን መስመር ይጎዳል፣ በኋላ ሲዞር ይንጫጫል። ሶልደሩ አንጸባርቆ ከተረጋጋ ጥሩ ነው። እንደ አሸዋ ሻካራ ሆኖ ክብ ኳስ ከሠራ አልያዘም፣ ድገመው።

ቶን_ፈላጊ፦
ካፓሲተሩንስ? በዘይት የተነከረ ወረቀት የሚባለው ውዱ ይሻላል የሚሉ ብዙ ናቸው። ሌስ ፖል ላይ 0.022 ነው አይደል?

ሽቦና_ሶልደር፦
አዎ፣ ለሃምበከር 0.022 ማይክሮፋራድ፣ ላዩ ላይ 223 ይጻፋል። ለነጠላ ኮይል 0.047፣ 473። ቶኑ 10 ላይ ሲሆን የካፓሲተሩ ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው። ሁለት የተለያየ ዓይነት ካፓሲተር በመለኪያ ተመሳሳይ ቁጥር ከሰጡ ጊታር ውስጥ ለይቼ ልሰማቸው አልችልም፣ የሚሰማው የቁጥሩ ልዩነት ነው። ገንዘብህን ፖት ላይ አውል።

በነፃ የሚገኝ ለውጥ ከፈለግህ ግን የካፓሲተሩን ሽቦ ከቮልዩሙ መግቢያ እግር አንስተህ ወደ መካከለኛው እግር፣ ማለትም ወደ መውጫው፣ አዛውረው። የ1950ዎቹ አሠራር ይባላል። ቮልዩሙን ስትቀንስ ቀጭኑ ድምፅ አይጠፋም። የሚያስከፍልህ፣ ቶኑን ስትነካ ቮልዩሙም ትንሽ መንቀሳቀሱ ነው። ይህን ካደረግህ 1000 ፒኮፋራድ ካፓሲተርና 150 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ቮልዩሙ ላይ የሚጨመረውን ሌላውን ዘዴ አትደርብበት፣ ድምፁ ይሳሳል።

ፍሬት_ቆጣሪ፦
ስትራቱንም ከወሰድክ፣ ለዚያ አካል ገንዘብ አታፍስስበት። 52.5 ስፋት ያለው ብሪጅ ስትቀይር የብሎኖቹ ቦታ ከፌንደሩ አይገጥምም፣ የትሬሞሎው ብረትም ከ40 ሚሊሜትር አካል ጀርባ ሊወጣ ይችላል፤ ሙሉው ርዝመት ወደ 42 ነው። ፒክጋርዱም ቢሆን የብሎን ቦታው ከአምራች አምራች ይለያል፣ ትልልቅ ፖት ለመግጠም ደግሞ ቀዳዳውን ከ8 ወደ 9.5 ሚሊሜትር ማስፋት አለብህ። ያን በሾጣጣ ሞረድ በእጅ አድርገው፤ ትራፓኖ ፕላስቲኩን ነክሶ ይሰነጥቀዋል። ሙሉ ውፍረት ያለው አካል ፈልግ፣ ጎድጓዳው ወደ 56 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ ተረከዙ ክብ የሆነ። የቴሌካስተር (የፌንደር ሌላ ሞዴል) ጎድጓዳ ጫፉ ቀጥ ያለ ነው፣ በደንብ አይገጥምም፣ ጥጎቹ ላይ ክፍተት ይቀራል።

ስድስት_ክር፦
አዲሱን ባለ አራት ሽቦ የሲይሞር ዳንካን ሃምበከር ብሪጅ ላይ ገጠምኩ፣ ጥቁሩን ወደ ቮልዩም፣ አረንጓዴውንና ራቁቱን ወደ ግራውንድ፣ ቀዩንና ነጩን አገናኝቼ ሸፈንኩ። ለየብቻ ሁለቱም ደስ ይላሉ። መምረጫው መካከል ላይ ሲሆን ግን ድምፁ በአፍንጫ የሚናገር ሰው ይመስላል፣ ባሱ ጠፋ።

ሽቦና_ሶልደር፦
ሁለቱ ፒካፖች ፌዛቸው (የሲግናላቸው የመወዛወዝ አቅጣጫ) ተቃራኒ ነው፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይጎትታል፣ የጋራ የሆነው ባስ ይሰረዛል። የተለያየ አምራች ሲደባለቅ የሚያጋጥም ነገር ነው፣ ጥፋት አልሠራህም።

ማረጋገጫው፦ ገመዱን እንደ ቅድሙ በቴስተር ያዝ፣ ኦም ላይ። የካቻቢቴ ብረት ፒካፑ ላይ አሳርፍ፣ ቁጥሩ እስኪረጋጋ ጠብቅ፣ ከዚያ ፈጥነህ አንሳው። ቁጥሩ ለአፍታ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይዘላል። በሌላኛውም ፒካፕ ድገመው። አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ከዘለሉ ተቃራኒ ናቸው።

የድሮው የአንገት ፒካፕ ባለ አንድ ሽቦ ከሆነ፣ ዙሪያውን በብረት ጥልፍ የተሸፈነ፣ እሱን አትገልብጠው። ጥልፉ ከፒካፑ ብረት ጋር የተያያዘ ነው፣ ብትገለብጠው ሽፋኑ ሁሉ የሲግናል መስመር ሆኖ በነካኸው ቁጥር ይጮሃል። አዲሱን ገልብጥ፦ አረንጓዴውን ወደ ቮልዩም፣ ጥቁሩን ወደ ግራውንድ። ራቁቱ ሽቦ ግራውንድ ላይ ይቆይ፣ እሱ የመከላከያ ሽፋን እንጂ የኮይል ጫፍ አይደለም። ቀዩና ነጩ እንዳሉ።

ወደፊት በሚሳብ ፖት ኮይሉን ልትከፍል ካሰብክ ይህን አስታውስ፦ ቀዩንና ነጩን ወደ ግራውንድ ስታወርድ፣ በመጀመሪያው አቀማመጥ የሚቀርህ የጥቁርና ነጩ ኮይል ነበር፣ ብሎን የሌለው። ከተገለበጠ በኋላ የሚቀርህ የቀይና አረንጓዴው፣ ባለ ብሎኑ ኮይል ነው። ሌስ ፖል ላይ ባለ ብሎኑ ወደ ብሪጁ የቀረበ ስለሆነ ሲከፈል ድምፁ ቀጠን ይላል።

ስድስት_ክር፦
ገለበጥኩት። ካቻቢቴው ሁለቱም ላይ ወደ ላይ ዘለለ፣ መካከለኛው ምርጫ ባሱን መልሷል። አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ እጄን ከክሮቹ ሳነሳ ትንሽ ጉምጉምታ አለ፣ ስነካቸው ይጠፋል።

ሽቦና_ሶልደር፦
ስትነካ ከጠፋ ሽቦህ ትክክል ነው፤ ክሮቹ በብሪጁ በኩል ግራውንድ ላይ ናቸው፣ ሰውነትህም ከእነርሱ ጋር ይያያዛል። ስትነካ ቢጨምር ኖሮ ሶኬቱ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተቀያይረዋል እልህ ነበር። የቀረውን ለመቀነስ የመቆጣጠሪያውን ጉድጓድ በመዳብ ፕላስተር አልብሰው፣ በየቁራጩ መካከል ቴስተሩ ከ1 ኦም በታች ማንበብ አለበት፣ ካልሆነ መገናኛቸው ላይ ጠብታ ሶልደር ጨምር። ሽቦ ወደ ግራውንድ አውጣለት። ክዳኑን ስትዘጋ የሶኬቱ የሲግናል ምላስ መዳቡን እንዳይነካ፣ እዚያ ቦታ ላይ ባለ ጎማ ፕላስተር ለጥፍበት፤ ገመድ ሲሰካ ምላሱ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ባዶውን ስታየው የማይነካ የሚመስለው ያን ጊዜ ይነካል።